እራፊ የሚሰበስቡ እጆች



ጌታችን በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ አምስት ሺህ ያህል ሰው ከመገበ በኋላ ምን እንዳዘዘ ወንጌላዊው ዮሐንስ በምዕራፍ 6 ጽፎልናል። ሕዝቡ ጠግቧል፤ ተአምሩም ተፈጽሟል። እርሱ ግን ደቀ መዛሙርቱን ጠርቶ የተረፈው ፍርፋሪ ሁሉ ይሰብሰብ፣ ምንም አይባክን አለ። ዐሥራ ሁለት መሶብም ሞላ። ልብ በሉ፤ ለፍርፋሪ የተቆረቆረው ጥቂቱን ማብዛት የሚችለው ጌታ ነው። እኛ ትንሽ ሲተርፈን «ሞልቶ የለ?» ብለን እንጥላለን፤ ሁሉ የእርሱ የሆነው ግን አስለቀመ። ለአንድ ሰውም አላዘዘም፤ ሁሉም በአንድነት እንዲለቅሙ አደረገ እንጂ።

ይህን ትእዛዝ በመርፌና በክር ስለ ፈጸሙ እናቶች ልነግራችሁ እወዳለሁ።

በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት፣ ጂስ ቤንድ የሚባል መንደር አለ። የአላባማ ወንዝ በሦስት ወገን ይከበዋል። ነዋሪዎቹ በጥጥ እርሻ ላይ በባርነት የደከሙ ጥቁር አሜሪካውያን ልጆች ናቸው። ባርነቱ ከቀረ በኋላም በዚያው መሬት ላይ በጭሰኝነት ኖሩ። በ1932 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በዱቤ ሲሰጣቸው የኖረው ነጋዴ ሲሞት ቤተሰቦቹ ስለ ዕዳው ከብታቸውን፣ የእርሻ መሣሪያቸውንና እህላቸውን ወሰዱባቸው። ያ ክረምት ለመንደሩ የረኀብ ክረምት ሆነ።

ቤታቸው ነፋስ የሚያስገባ የሳንቃ ቤት ነበር። ልጅ ሲበርደው እናት ገበያ ወርዳ ብርድ ልብስ የምትገዛበት ገንዘብ የላትም። ያላት ጉልበቱ የሳሳ የሥራ ሱሪ፣ ክርኑ ያለቀ ሸሚዝ፣ ባዶ የዱቄት ከረጢት ነው። ከዚህ ነው በዓለም የታወቀውን፣ ኩዊልት የሚባለውን ብርድ ልብስ የሰፉት። እራፊ ከእራፊ ጋር ተጋጥሞ ሰፊ ፊት ይወጣዋል፤ ከሥሩ የተባዘተ ጥጥ ይነጠፋል፤ ከጥጡ በታች ገበር ይገባል። ከዚያ በኋላ ሦስቱን ድርብ አንድ የሚያደርግ ደቃቅ ስፌት ከዳር እስከ ዳር ይሰፋበታል። ይህ ስፌት ከሌለ ጥጡ እየሸሸ በአንድ ጥግ ይከማቻል፤ ብርድ ልብሱም አያሞቅም።

በዚህ አሠራር ውስጥ ሁለት ጊዜ እንዳለ አስተውሉ። ፊቱን እያንዳንዷ ሴት በቤቷ፣ ለብቻዋ ትሰፋዋለች። ከእርሻ ተመልሳ፣ ልጆቿን አብልታ ካስተኛች በኋላ የትኛው ሰማያዊ ከየትኛው ቀይ ጎን እንደሚያምር የምትመርጠው ራሷ ናት። ቀን በሌላ ሰው መሬት ላይ በሌላ ሰው ትእዛዝ የደከመች ሴት ማታ በእጇ ላይ ባለው ጨርቅ አዛዥ ትሆናለች። ስለዚህ የአንዷ ሥራ ከሌላዋ አይመሳሰልም። ድርቡን ለመስፋት ግን ጎረቤት ይጠራል። ጨርቁ በእንጨት ላይ ይወጠርና ሴቶቹ ዙሪያውን ይቀመጣሉ፤ ይሰፋሉ፣ ይጸልያሉ፣ መዝሙር ይዘምራሉ። የአንዷ ሲያልቅ ወደ ሌላዋ ቤት ይሄዳሉ።

ምእመናን ሆይ፣ ደስታም ለብቻ መሥራትንና አብሮ መሥራትን፣ ሁለቱንም ይፈልጋል። ለብቻ የሆነ ጸጥታ ያስፈልገዋል። እመቤታችን በቤተ መቅደስ ሐርና ወርቅ እያስማማች ስትፈትል የብሥራቱን ቃል እንደ ሰማች አባቶቻችን አስተምረውናል። እጅ ሥራ ሲይዝ ልብ መስማት ይችላልና። ግን በጓዳ የተጀመረ ሁሉ በጓዳ አይፈጸምም። ፊቱ ምንም ያህል ቢያምር ድርቡ ካልተያያዘ ልጅ አያሞቅም። በመካከላችን ጸሎቱም፣ ጾሙም፣ ሙያውም የተዋጣለት ሰው አለ፤ ጎረቤቱን ግን አያውቅም። ወዲህ ደግሞ ከሰው መካከል የማይጠፋ አለ፤ ለብቻው ሆኖ ያዘጋጀው ነገር ስለሌለው ወደ ጉባኤው የሚያመጣው ወሬ ብቻ ነው። የመንደሯ እናት ግን ባዶ እጇን ወደ ባልንጀሮቿ አልሄደችም፤ የሠራችውንም ለብቻዋ አላስቀረችም።

ከእነዚህ እናቶች አንዷ ሚዙሪ ፔትዌይ ትባላለች። በ1942 ገደማ ባሏ ናትናኤል ሞተባት። ሐዘንተኛዋ ሴት የሥራ ልብሱን አወጣች። ጉልበቱ ላይ የነጣውን ሱሪ፣ ፀሐይና ላብ ያደበዘዘውን ሸሚዝ ከልጇ ከአርሎንዚያ ጋር ቀድዳ ኩዊልት ሰፋችው። እርሱን የምታስታውስበት፣ በፍቅሩም ሥር የምትተኛበት ልብስ እንዲሆናት ነበር። እኛ የሟች ልብስ ያስፈራናል፤ ወይም ሣጥን ውስጥ ቆልፈን ባየነው ቁጥር እናለቅሳለን። ሚዙሪ ግን እንባዋን ሳትከለክል እጇን አሠራች። ልጅቷም ለአባቷ ከእናቷ ጋር አብራ አዘነችለት፤ ሁለቱን አንድ ጨርቅ ጉልበታቸው ላይ አገናኛቸው። ሐዘንተኛን ለማጽናናት ቃል የጠፋችሁ ብዙዎች ናችሁ፤ አብራችሁት የምትሠሩት ሥራ ፈልጉ። ከጎኑ ሆኖ የሚሠራ እጅ ብዙ ጊዜ ከንግግር ይበልጣል።

ይህን ስል ድህነታቸውን እያወደስሁ አይደለም። በእነርሱ ላይ የተደረገው ግፍ ነበር፤ ግፍም በእግዚአብሔር ፊት ግፍ ነው። በ1960ዎቹ ለምርጫ እንመዝገብ ብለው ወንዙን መሻገር ሲጀምሩ፣ ወደ ካምደን ከተማ የሚያሻግረው ጀልባ በ1962 ተቋረጠባቸው። ለመመዝገብ በመሞከራቸው ከሥራና ከመሬት የተነቀሉም በአካባቢው ነበሩ። በስፌት የተሳሰረው አንድነታቸው ግን ጸንቶ ነበርና በመከራ ቀን መደገፊያ ሆናቸው። በ1966 የአካባቢው ሴቶች ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ የተባለ የሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ ፍራንሲስ ዋልተር የሚባሉ ካህንም ሥራቸው ኒው ዮርክ ድረስ ሄዶ እንዲሸጥ ረዷቸው። በ1972 ሲርስ ለተባለው ትልቅ መደብር የኮርዱሮይ ትራስ ልብስ ይሰፉ ጀመር። ከዚያ ሥራ የተረፈውን ቁርጥራጭ ደግሞ አልጣሉትም፤ ወደየቤታቸው ወስደው ለራሳቸው ኩዊልት ሰፉበት። በ2002 ሥራዎቻቸው በሂዩስተንና በኒው ዮርክ ቤተ መዘክሮች ለሕዝብ ታዩ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ሥራዎቻቸውን በዐሥር ዓይነት ቴምብር አወጣ፤ በዚያው ዓመት ጀልባውም ተመለሰ።

እናቶቹ ግን ለቤተ መዘክር ብለው አልሰፉም፤ ልጅ እንዳይበርደው ብለው ሰፉ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ ጣቢታ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ ለቅዱስ ጴጥሮስ ያሳዩት በእጇ ሠርታ ያለበሰቻቸውን ልብስ ነበር። ስለ እርሷ የመሰከረላት የለበሱት ነው። ፍቅር እንዲህ በሰው ገላ ላይ ሲታይ ማስረጃ ሌላ አያሻውም።

እስኪ ወደ እኛ እንምጣ። እናቶቻችን ባዘቶ ይዘው በአንድ ደጃፍ ተሰብስበው ይፈትሉ ነበር፤ የቤተሰቡ ጋቢ የሚጀመረው ከዚያ ነው። ዛሬ በብዙ ቤት እንዝርቱ የለም፤ ከእንዝርቱ ጋር የሄደው ግን መሰብሰቡም ነው። ባህር ማዶ ልጆቻቸው ዘንድ የሄዱ እናቶችን አስቡ። ልጅ ወደ ሥራ፣ የልጅ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ እናት ቋንቋውን በማታውቀው ቴሌቪዥን ፊት ትውላለች። ብዙ ሙያ የያዘ እጅ ሥራ ፈትቷል። የሚያስፈልጋት ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ አብራት የምትቀመጥ ባልንጀራና እጇን የምታሳርፍበት ሥራ ነው።

እንዲህ ተሰብስቦ መስፋት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ልብስ ሰፊው ጠርጎ የሚያወጣውን ቁርጥራጭ ብትለምኑት አይከለክላችሁም። ልጆቻችሁ ያደጉበት፣ የጠበባቸው ልብስ በየቤታችሁ አለ። ጥጥ ከገበያ ይገኛል። የማትችለዋን የምትችለው ታስተምራት፤ ዓይኗ ለደከመ አሮጊት ልጅቷ ክር ታስገባላት። ወንዶችም አትራቁ፤ መርፌ የያዘ እጅ አይናቅም፤ ሸማኔው ወንድማችን ክር ሲያስማማ ይውል የለምን? የመጀመሪያውን ብርድ ልብስ ለራሳችሁ አታድርጉት፤ በሰፈራችሁ ብርድ ላይ ለሚያድር ሰው ስጡት፤ ሁለተኛውን ስትጀምሩ እጃችሁ ሲበረታ ታያላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ። ጨርቁን ስትሰበስቡ ሰውን አትርሱ። በየማኅበራችሁ ከተጣላ በኋላ የማይጠራ፣ ከደኸየ በኋላ የቀረ፣ ከታመመ በኋላ የተረሳ አለ። እንደ ትርፍ የተቆጠረውን ይህን ሰው በዚህ ሳምንት በስሙ ጥሩት፤ መጥቶም ከመካከላችሁ ይቀመጥ፣ ሥራም ስጡት። ሥራ የተሰጠው ሰው ይፈለጋልና፤ የሚፈለግ ሰውም ደስ ይለዋል። የእርሱ ደስታ የእናንተም ነው።

የተበተኑትን የሚሰበስብ አምላክ የእጃችንን ሥራ ይባርክልን፤ በአንድነት ሠርተን በአንድነት እንድንደሰት ያድርገን፤ አሜን።