«ችግር የለም፣ እንስማማለን»

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ብዙዎቻችን በየጁሙዓው በምንቀራው ሱረቱል ከህፍ ውስጥ የአንድ ግድግዳ ጥገና ይነገራል። ልብ ብለነው እናውቃለን? ነቢዩ ሙሳና ኸድር (ዐ.ሰ.) ወደ አንዲት ከተማ ገቡ። ምግብ ቢጠይቁ ነዋሪዎቹ እንግድነታቸውን አልቀበልም አሉ። በዚያችው ከተማ ግን ሊወድቅ ያዘመመ ግድግዳ አገኙና ኸድር አቃኑት። ሙሳም ለዚህ ሥራ ዋጋ መቀበል ይቻል እንደነበር ተናገሩ። ኋላ ምሥጢሩ ሲገለጥ ግድግዳው የሁለት የቲሞች ሆኖ ተገኘ፤ ከሥሩም ሀብታቸው ተቀብሮ ነበር።

ዑለማዎች ከዚህ ታሪክ ብዙ ትምህርት አውጥተዋል። እኛ ለዛሬ ሁለቱን እንያዝ። አንደኛ፣ ግድግዳ ማቃናት ዋጋ የሚገባው ሥራ ነው፤ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ዋጋ መጠየቅን እንደ ነውር አልቆጠሩትም። ሁለተኛ፣ ከሚያዘመው ግድግዳ ጀርባ ማን እንዳለ አላህ ያውቃል፤ የቲም ሊሆን ይችላል፣ ባሏ የሞተባት ሴት ልትሆን ትችላለች።

አሁን ታሪኩን ወደ አገራችን፣ ወደ ሐረር እናምጣው። ሸዋ በር፣ ሐረሪዎች አስማዲን በሪ የሚሉት፣ ከጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ነው። ግንቡን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስገነቡት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ እንደሆኑ ታሪክ ይነግረናል። በ1998 ዓ.ም. ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር በውስጡ 82 መስጂዶችና 102 የአውልያ መቃብሮችና መዘከሪያዎች እንዳሉት ተጽፏል። አሚሩን ሁላችንም በስም እናውቃቸዋለን። ድንጋዩን ያነጠፈውን፣ ጭቃውን ያቦካውን ግንበኛ ግን ስሙን የሚያውቅ የለም። የባለሙያ ዕጣ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ስም አይቀርለትም፣ በዱንያ የሚደርሰው የእጁ ዋጋ ብቻ ነው። እንግዲህ እርሱንም ብንከለክለው ምን ቀረው?

ከበሩ ውጭ ባለው ገበያ የሚገዛው ሁሉ ዋጋ አለው። ቲማቲሙም፣ በርበሬውም፣ ጨርቁም ዋጋው ተጠይቆ፣ ተከራክረውበት፣ ከተስማሙ በኋላ ይገዛል። ከገበያው ወደ ቤት ተመልሰን ቧንቧው ሲያፈስ፣ ቆርቆሮው ሲበሳ፣ ማብሪያው ሲቃጠል ግን ይህን ልማድ እንረሳለን። ባለሙያ እንጠራለን። «ስንት ታስከፍላለህ?» ስንል «ችግር የለም ወንድሜ፣ እንስማማለን» ይላል። እኛም ደስ ይለናል፤ ጨዋ ሰው አገኘን እንላለን። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን ችግር አለ፣ አንስማማምም! እርሱ የጠራው ዋጋ ለእኛ ዘረፋ ይመስለናል፤ እኛ ያቀረብነው ለእርሱ ስድብ ይሆንበታል። በሰላም የገባው ሰው በኩርፊያ ይወጣል። ጎረቤትም ከሆነ፣ በመስጂድ ሶፍ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ቆመው ልባቸው የተለያየ ሁለት ሰዎች ይሆናሉ።

እስቲ የሁለቱንም ወገን ሒሳብ በፍትሕ እንመልከት። የቤቱ ባለቤት «ግማሽ ሰዓት ላልሞላ ሥራ ይህን ያህል ገንዘብ?» ይላል። የቆጠረው መፍቻው በእጅ የነበረበትን ጊዜ ብቻ ነው። ባለሙያው ግን ሥራውን ለማየት መጥቷል፤ ዕቃ ለመግዛት ሱቅ ወርዷል፤ መጠኑ አልገጥም ብሎት ተመልሶ ሄዷል፤ በዚያ ግማሽ ቀን ሌላ ሥራ አልያዘም። ለመፍቻውና ለመሰርሰሪያው ያወጣው አለ፤ ለረዳቱ የሚከፍለው አለ፤ ሥራ አጥቶ የሚውልበትም ቀን አለ። ትንሽ ጥገና ከትልቅ ሥራ ይልቅ ውድ መስሎ የሚታየን ስለዚህ ነው፤ ቀኑ ለአንድ ጎማ ቢውልም ያው ቀን ነው። በዚህ ላይ የዕቃው ዋጋ ንሯል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣው ቧንቧ፣ ሽቦና ቁልፍ በዚያው ልክ ሲወደድ ባለሙያው የጨመረው አድርገን ማየት ግፍ ነው።

በሌላ በኩል ባለሙያውም ነፍሱን ይመርምር። የበሩን ውበትና የባለቤቱን ልብስ አይቶ ዋጋ የሚተምን የለምን? ግድግዳውን ከፈነቀለ በኋላ፣ ባለቤቱ ማባረር እንደማይችል ሲያውቅ ዋጋ የሚያስጨምር የለምን? ቀብድ ተቀብሎ ስልኩን የሚዘጋ የለምን? ዕቃ እንዲገዛ ገንዘብ ሲሰጠው ከሱቁ ጋር ተነጋግሮ በደረሰኙ ላይ የሚያስጨምርስ? ወንድሜ! በሰው ገንዘብ ለሰው የምትገዛ ከሆነ አንተ ወኪል ነህ፤ በእጅህ ያለው አማና ነው። ባለሱቁ የቀነሰልህ ቅናሽም የባለገንዘቡ ሐቅ ነው። ያታለለ ከእኛ ወገን አይደለም የሚለው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማስጠንቀቂያ የተነገረው በእህል ገበያ ነበር፤ ከላይ ደረቁን አሳይቶ ከሥር እርጥቡን ለደበቀ ነጋዴ። ከላይ ቀለም ቀብቶ ከሥር እርጥበቱን የሚደብቅ ለሳኝ ከዚያ ሰው በምን ይለያል?

ሱረቱል ሙጠፊፊን የሚያወግዘው ለራሳቸው ሲያስሰፍሩ ሞልተው የሚቀበሉትን፣ ለሌላው ሲሰፍሩ ግን የሚያጎድሉትን ነው። ይህ ሚዛን ለእህል ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ሙሉ ሥራ ተቀብሎ ጎዶሎ የሚከፍል ባለቤትም፣ ሙሉ ዋጋ ተቀብሎ ጎዶሎ የሚሠራ ባለሙያም ሁለቱም በዚያ ሚዛን ላይ ናቸው።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? አንዳንዱ «መንግሥት ዋጋ ይተምንልን» ይላል። በመዲና ዋጋ በተወደደ ጊዜ ሰዎች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ይህንኑ ጠይቀዋቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን የማንንም ሐቅ በደል ተሸክመው ከአላህ ጋር መገናኘትን ፈርተው እንዳልተመኑ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። ኢስላም ያስቀመጠው መንገድ ከዚህ የቀለለ ነው፤ መዶሻው ከመነሣቱ በፊት ዋጋው ይነገር። አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ.) ሠራተኛ የሚቀጥር ሰው ዋጋውን እንዲያሳውቀው መምከራቸውን ነሳኢ ዘግበዋል። የፊቅህ ሊቃውንትም በኢጃራ ውል ሥራውም ዋጋውም የታወቀ ይሁን ያሉት ጠቡን ከሥሩ ለመንቀል ነው።

«ቧንቧው የት እንደሚያፈስ ሳይታወቅ እንዴት ዋጋ ይቆረጣል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሸሪዓውም መልስ አለው። በሱረቱ ዩሱፍ የጠፋውን የንጉሥ መስፈሪያ ላመጣ አንድ የግመል ጭነት እንደሚሰጠው ተነግሯል። ፈላጊው ምን ያህል እንደሚደክም አይታወቅም፤ ሽልማቱ ግን ይታወቃል። ሊቃውንቱ ይህን ጁዓላ ይሉታል። ስለዚህ «የሚያፈስበትን አግኝተህ ካቆምክልኝ ይህን ያህል እከፍልሃለሁ» ማለት ይቻላል። ወይም ለማየት የመጣበት ለብቻ፣ ለሥራው ለብቻ ይነጋገሩ። ዋጋው ሳይቆረጥ ሥራው ካለቀስ? ያን ጊዜ ባለቤቱ እንደ ንፍገቱ፣ ባለሙያው እንደ ምኞቱ አይወስንም፤ መመለሻው የመሰሉ ሥራ የሚከፈልበት የአካባቢው ዋጋ፣ ኡጅረቱል ሚስል ነው። ሥራውን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ይጠየቁ።

ሌላም አለ። «እግረ መንገድህን ይቺንም እያት» የምትባል ነገር አለች። ለአንድ ማብሪያ የተጠራ ሰው ሦስት ሶኬትና አንድ በር ጠግኖ በአንድ ማብሪያ ዋጋ ይሸኛል። የጨመርነው ሥራ ካለ ዋጋም እንጨምር። ከሁሉ የከፋው ደግሞ «ነገ ና» ነው። ሠራተኛው ላቡ ሳይደርቅ ዋጋው እንዲሰጠው ኢብን ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ ታዘናል። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲሰል ቁድሲ አላህ (ሱ.ወ.) በቂያማ ቀን ራሱ ባላንጣ ከሚሆንባቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን ከተቀበለ በኋላ ዋጋውን የከለከለ ነው። ከአላህ ጋር ተሟግቶ የሚረታ ማን ነው? ለከሰዓቱ ጫት ሳይከራከር የሚከፍል እጅ ለቧንቧ ሠሪው ሲሆን «ነገ ና» ካለ፣ የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ የቲሞቹ ግድግዳ እንመለስ። ክረምት ሲገባ ጣሪያዋ የሚያፈስባት አንዲት አሮጊት እናስብ። የሚከራከርላት ወንድ ልጅ በቤቷ የለም። «ልጄ፣ ስንት ላቅርብ?» ስትል «አይጨነቁ እናቴ፣ እንስማማለን» ይላታል። ለእርሷ ይህ ቃል ጨዋነት አይደለም፤ ስጋት ነው። ዋጋውን ስለማታውቅ ጥገናውን ለከርሞ ታስተላልፋለች። የጀጎል ጥንታዊ ቤት ደግሞ የድንጋይ፣ የጭቃና የእንጨት ሥራ ነው፤ ውኃ አንዴ ከገባበት እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ግድግዳው ያብጣል። ዘንድሮ በአንድ ቆርቆሮ የሚድን ቤት ከርሞ ግድግዳው ይሄዳል። የተሰወረ ዋጋ የድሃን ቤት የሚያፈርሰው እንዲህ ነው።

ሐረር ለሠርግና ለሐዘን የሚሰባሰቡ አፎቻዎች ያሏት ከተማ ናት። ሬሳ የሚሸኝ ጀማዓ የሚያፈስ ጣሪያንስ ማየት አይችልም? በየመስጂዱ ከዙሁር በኋላ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች በአካባቢያቸው ያሉትን ታማኝ ባለሙያዎች ያውቃሉ። ስማቸውን በወረቀት ይጻፉ፤ የተለመዱትን ሥራዎች የአካባቢ ዋጋ ጠይቀው ይያዙ፤ ባሏ የሞተባት ሴት ባለሙያ ስትጠራ አንድ ሰው ይቁምላት። የማትችል ከሆነች ከሰደቃው ይከፈልላት። ባለሙያው በነጻ እንዲሠራ ግን አይገደድ፤ ኸድር (ዐ.ሰ.) ዋጋ የተዉት ወደውና ዐውቀው እንጂ ተገደው አይደለም። ወዶ የተወ ባለሙያ ካለ አጅሩን ከአላህ ያገኛል።

ባለሙያዎች ሆይ! ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጺ ነበሩ፤ ነቢዩ ኢብራሂምና ልጃቸው እስማዒል (ዐ.ሰ.) የከዕባን መሠረት ያነሡ ናቸው። የያዛችሁት ሙያ የነቢያት ሙያ ነውና ዋጋችሁን ሳታፍሩ አስቀድማችሁ ተናገሩ። እኛ ባለቤቶችም አስቀድመን እንጠይቅ፤ የተስማማነውን በዚያው ቀን እንክፈል። «እንስማማለን» የሚለው ቃል መልካም ነው፤ ቦታው ግን ከሥራው በፊት ነው።

አላህ ሐቅን ከሚያውቁና ከሚያደርሱ ባሮቹ ያድርገን። አሚን። ወቢላሂ ተውፊቅ።