ያስለቀሰ ሰው ዕዳው ምንድር ነው?
ስለ ቴአትርና ስለ ሴቶች ልጆች ትምህርት

ወደ ሰው ልብ የሚገባባቸው በሮች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ምክር ነው፥ ሁለተኛው ጨዋታ ነው። ምክር ፊት ለፊት ስለሚመጣ የተመከረው ሰው በሩን ለመዝጋት ጊዜ ያገኛል። ጨዋታ ግን እንደ እንግዳ ይገባና፥ ከተቀመጠ በኋላ የመጣበትን ጉዳይ ይናገራል።

በዚህ ዘመን ከከተማ በራቁ አገሮች ሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት እንዲገቡ፥ ያለ ዕድሜያቸውም እንዳይዳሩ፥ በዜማና በቴአትር፥ በራዲዮ ድራማና በፊልም የሚያስተምሩ ሰዎች ተነሥተዋል። የአሳቡን በጎነት ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ልንመረምረው የሚገባን ሌላ ነው፤ ይኸውም፥ ሰውን በጨዋታ ማርኮ ወደ በጎ ሥራ መንዳት ተገቢ ነውን? ተገቢስ ከሆነ የማራኪው ሰው ዕዳ ምንድር ነው?

ቴአትር ከንቱ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ለነዚህ መልሱ አጭር ነው። ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሥ ዳዊት በገባ ጊዜ በደሉን አስቀድሞ አልነገረውም፤ ስለ ድኻውና ስለ አንዲት በጉ ምሳሌ አቀረበለት እንጂ። ንጉሡም በምሳሌው ሰው ላይ ፈረደ፥ ፍርዱም ወደ ራሱ ተመለሰ። በሀገራችንም ቴአትርን ካስጀመሩት አንዱ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ከቅኔ ቤት የወጡ ሊቅ ነበሩ። ነገር ግን በዚያ ዘመን የሴትን ድርሻ ወንድ ልብሷን ለብሶ ይጫወተው ስለ ነበር፥ በመድረክ ላይ እንኳ ስለ ሴት የሚናገረው ወንድ ነበረ። በላስታና በዋግ ግን በነሐሴ ወር የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ልጃገረዶች ወገባቸውን በሻደይ ቅጠል ታጥቀው በየቤቱ እየዞሩ ይጫወታሉ። እንግዲህ ሴት ልጅ በሰው ፊት ስትዘፍን ማየት ለባላገሩ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሚሆንበት ስለ ራሷ ስትናገር ነው።

የጨዋታን ኃይል ለማወቅ «የቀን ቅኝት» የተባለውን ተከታታይ የራዲዮ ድራማ ማሰብ ይበቃል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በአማርኛ ተሰማ፤ አድማጮችም ብዙ ሺህ ደብዳቤ ጻፉለት። የአሠራሩ ብልሃት ይህ ነው፤ አንዱ ሰው በጎውን መንገድ ይይዛል፥ ሁለተኛው ክፉውን ይይዛል፥ ሦስተኛው በሁለቱ መካከል ይዋልላል፤ አድማጩም ከዚህ ከሚዋልለው ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ አብሮ ይጓዛል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሴቷም ለወንዱም የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል፤ ሕግ ግን እንደ ምክር ፊት ለፊት የሚመጣ ስለ ሆነ ባላገሩ የልጁን ዕድሜ ጨምሮ በመናገር ያመልጠዋል። ከድራማው ግን እንዲህ አድርጎ ማምለጥ አይቻልም፤ አባት የሚፈርደው በራሱ ላይ ሳይሆን በድራማው አባት ላይ ነውና፥ ፍርዱን ከሰጠ በኋላ የገዛ ልጁን ቀና ብሎ ያያታል።

ቅኔ የተማረ ሰው ይህን በቀላሉ ያስተውለዋል። ሰሙ ከሳሳ ወርቁ አፍጥጦ ይታያል፥ ሰሚውም «ስብከት ነው» ብሎ ይሸሻል። ሰሙ ከወፈረ ደግሞ ሰው ሲስቅ አምሽቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። ነገር ግን ሰሙና ወርቁ ቢስማሙም ጥያቄያችን ገና አልተመለሰም፤ በሚገባ የተሠራ ጨዋታ ለክፉም ያገለግላልና። በሄሮድስ ግብዣ የዘፈነችው ብላቴና ንጉሡን ደስ ብታሰኘው የመጥምቁ ራስ ተቈረጠ። የለመነችውንም ነገር ከእናቷ ተቀበለችው እንጂ ከራሷ አላወጣችውም። ስለዚህ ኃይሉ መልካም መሆኑን የምናውቀው በእልልታው ብዛት አይደለም፤ ማራኪው ሦስት ዕዳዎችን በመክፈሉ ነው።

የመጀመሪያው ዕዳ በሩ መኖሩን ማረጋገጥ ነው። አባትን አስለቅሶ «ልጅህን አስተምር» ካሉ በኋላ የሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት ያለው በወረዳው ከተማ ከሆነ፥ ልጂቱም ብቻዋን ቤት ተከራይታ የምትቀመጥ ከሆነ፥ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ» ይሆናል። የአባትየው ፍርሀት ሁሉ ድንቁርና አይደለም፤ መንገዱ ሩቅ ነው፥ ጠላፊም አለ። በባሕር ዳር አቅራቢያ በሞሰቦ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራው «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ሥራ ይህን ያወቀ ነበር። ሕዝቡን ሰብስቦ ማነጋገር ብቻ ሳይሆን ለልጃገረዶቹ ደብተርና እስክሪብቶ ሰጠ፤ ሳይዳሩ ለቈዩትም ወላጆች እንስሳ ሸለመ። ከዚህም የተነሣ በዚያ ስፍራ የትንንሾቹ ልጃገረዶች ጋብቻ እጅግ ቀነሰ። እንባ መንገዱን ያሳያል፤ የሚያስኬደው ግን ስንቅ ነው።

ሁለተኛው ዕዳ ለታሪኩ ባለቤት የሚከፈል ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው «ድፍረት» የተባለው ፊልም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስለ ተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ የሚናገር ሲሆን በውጭ አገር ታላቅ ምስጋና አገኘ። በአዲስ አበባ በሚታይበት ምሽት ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ፤ የታሪኩ ባለቤት መብቴ አልተጠበቀም ብላ ከስሳ ነበርና። እገዳው በኋላ ተነሣ፤ ነገሩ ግን ሊረሳ አይገባውም። ስለ ተጠለፈች ልጅ የሚናገር ሰው ታሪኳንም እንዳይጠልፍ መጠንቀቅ አለበት። ለብዙዎች ይጠቅማል ብሎ አንዲቱን ሳይጠይቁ መውሰድ፥ እርሷን እንደ ገና የሰው ጉዳይ መፈጸሚያ ማድረግ ነው።

ሦስተኛው ዕዳ ጽናት ነው። በ2005 ዓ.ም. «የኛ» የተባለው ማኅበር አምስት ሴቶች ልጆች በድራማና በዜማ የሚናገሩበት ሆኖ በአማራ ክልልና በአዲስ አበባ በራዲዮ ተሰማ። ወጪውን የሸፈነው የእንግሊዝ መንግሥት ነበር፤ የዚያ አገር ጋዜጦች «ግብራችን ለዘፋኞች ዋለ» ብለው ቢጮኹ በ2009 ዓ.ም. ገንዘቡ ቆመ። ሥራው ከዚያ በኋላም በሌላ መልክ ቀጥሏል። ሆኖም ስለ ወሎና ስለ ጎጃም ልጃገረድ የሚቈረጠው ነገር በሎንዶን ጋዜጣ መቈረጡ ሊያሳፍረን የሚገባው እኛን ነው። የረዳው ይመስገን፤ የተጀመረውን ማጽናት ግን የባለቤቱ ግዴታ ነው።

ካህናት ሆይ፥ ይህ ነገር እናንተንም ይመለከታል። ዲያቆን ድንግል እንዲያገባ የታዘዘውን ሥርዓት አንዳንዱ ሰው ልጅን በሕፃንነት ለመዳር ምክንያት ያደርገዋል። ሥርዓቱ ግን ንጽሕናን ጠየቀ እንጂ ሕፃንነትን አልጠየቀም። ለሴት መማር ልማዳችን አይደለም ለሚልም ሰው፥ በጎጃም በጽላሎ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ምስክር ናቸው። ሴት ነበሩ፥ ዐይነ ስውርም ነበሩ፤ አባታቸው ግን ቅኔውን አልነፈጓቸውም። ያ አባት እንዲያስተምሩ ቴአትር ያሳያቸው አልነበረም፤ የልጃቸውን ልብ አይተው ነው እንጂ።

እንግዲህ የጥያቄያችን መልስ እንዲህ ይሆናል። ሰውን በጨዋታ ወደ በጎ መንዳት ተገቢ ነው፤ ፍርዱን ራሱ እንዲፈርድ ያደርገዋልና ነጻነቱን አይወስድበትም። ነገር ግን ያስለቀሰ ሰው ባለዕዳ ነው። በሩ መኖሩን ይመርምር፥ የታሪኩን ባለቤት ያክብር፥ ሥራውንም በእኩሌታ አይተው። የቀረነው ተመልካቾችም ከዕዳው ነጻ አይደለንም። ከመድረኩ ፊት ያለቀስን ሁሉ፥ ወደ ቤታችን ስንገባ ውሃ ልትቀዳ የወጣችውን ልጅ ቀለም መቍጠር ጀምራ እንደ ሆነ እንጠይቅ።