የወንዱ ውሻ ባለቤትና የኅሊናው ዕዳ

ሰው ስለ ራሱ ዘር ሲያስብ ልማድን፥ ሃይማኖትንና ሕግን ያማክራል። በእጁ ስላለው እንስሳ ዘር ሲወስን ግን ብዙውን ጊዜ የሚያማክረው የራሱን ፍላጎት ብቻ ነው። ጥያቄው ተራ መስሎ ይታያል፤ ይኸውም አንድ ሰው በቤቱ ያሳደገውን ወንድ ውሻ ጎረቤት ወይም ወዳጅ ለስሪያ ቢጠይቀው ሊሰጥ ይገባዋልን? የሚል ነው። ጠለቅ ብለው ሲመረምሩት ግን ስለ ፍቅርና ስለ ኃላፊነት የሚነሣ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

በአዲስ አበባ ጀርመን ሼፐርድ የሚባለውን ዝርያ የሚያሳድግ ሰው ይህ ልመና ይደርስበታል። «ጋሼ፥ ይኸን የመሰለ ውሻ ዘሩን ሳይተካ ይቅር?» ይሉታል። ከልመናው ጋር ጥቅምም ይቀርባል፤ ከሚወለዱት ቡችሎች አንዱን መርጦ መውሰድ፥ አለዚያም ገንዘብ። «ዘር መተካት» የሚለው ቃል በኢትዮጵያዊ ጆሮ ክብደት አለው። ስም አስጠሪ፥ ጧሪና ቀባሪ ማጣት ታላቅ ኀዘን ነውና። ይሁን እንጂ ይህ ኀዘን የሰው ኀዘን ነው። ወንዱ ውሻ ልጆቹን አያሳድግም፤ ስሙን እንዲያስጠሩለትም አይጠብቅም። ስለዚህ «ዘሩ እንዳይጠፋ» የሚለው ባለቤት የራሱን ናፍቆት በውሻው አፍ ያናግራል ማለት ነው።

ከዚህ ናፍቆት ሥር ሌላ ስሜት አለ። የውሻ ዕድሜ አጭር ነው፤ ባለቤቱም የሚወደው ፍጡር ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደሚለየው ያውቃል። ስለሆነም ነገ የሚያጣውን በቡችላው መልሶ ሊያገኝ ይመኛል። ምኞቱ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ቡችላው ራሱን የቻለ ፍጡር እንጂ የሙት ምትክ አይደለም፤ ምትክ ይሁን ተብሎ የተወለደም አባቱን ሳይመስል የቀረ ዕለት ፍቅር ሊነፈገው ይችላል።

«ተፈጥሮው ነው፤ መከልከሉ ጭካኔ ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ሆኖም ሴቲቱን፥ ቀኑንና ዋጋውን ሰው ከመረጠ ድርጊቱ የተፈጥሮ ብቻ መሆኑ ያበቃል፤ የሰው ሥራ ይሆናል። ይህን የዚሁ ዝርያ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1899 ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የተባለ ጀርመናዊ የፈረሰኛ ጦር መኮንን አንድ የበግ እረኛ ውሻ ገዝቶ ሆራንድ ፎን ግራፍራት ብሎ ሰየመው። ውሻው በዝርያው መዝገብ የመጀመሪያውን ቁጥር ያዘ፤ የዝርያውም የዘር ሐረግ ወደ እርሱ ያመራል። አንድ ባለቤት ስለ አንድ ወንድ ውሻ የወሰነው ውሳኔ፥ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ በሌላ አህጉር ግቢ ውስጥ ይጮኻል።

የነገሩ ክብደት የሚሰወረው በወንዱ በኩል ነው። የሴቲቱ ባለቤት ስልሳ ሦስት ቀን ያህል እርግዝናዋን ይጠብቃል፤ ምጧን ያያል፤ ለሳምንታትም እናትና ቡችሎችን ይመግባል። የወንዱ ባለቤት ግን በአንዲት ሰዓት ጉዳዩን ጨርሶ ውሻውን ይዞ ይመለሳል። የማያየው ነገር የሌለ ይመስለዋል። ነገር ግን በዚህ ዝርያ የሚዘወተረው የዳሌ መጋጠሚያ ብልሽት በዘር ይወረሳል፤ በወጣትነቱ ሲሮጥ የሚያምር ውሻ ደዌውን ሳያሳይ ሊያስተላልፍ ይችላል። በስሪያ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ ነቀርሳም አለ። ከሁሉም በላይ፥ ሰባት ቡችሎች ተወልደው አምስቱ ቤት ቢያገኙ የሁለቱ መድረሻ የት ነው? በከተማይቱ ጎዳና የሚራቡትና በእብድ ውሻ በሽታ ስጋት የሚሳደዱት ውሾች መልሱን ይሰጣሉ።

ፈላስፋው ካንት፥ በታማኝነት ያገለገለ ውሻ ሲያረጅ እስኪሞት ሊጦር ይገባል፤ ይህን የሚያጓድል ሰው የራሱን ሰብአዊነት ይጎዳል ብሎ አስተምሯል። ይህ አስተሳሰብ ለሚያውቁት ውሻ ያለውን ግዴታ ያሳያል። የስሪያው ጥያቄ ግን ከዚህ ይርቃል፤ ገና ላልተወለደና ምናልባትም ባለቤቱ ከቶ ለማያየው ፍጡር ያለውን ግዴታ ይጠይቃልና።

እንግዲህ መስጠትም መከልከልም በራሱ ጽድቅ ወይም ኃጢአት አይደለም። ሚዛኑ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ ውሻው ሁለት ዓመት ከሞላው በኋላ በእንስሳት ሐኪም ተመርምሮ፥ ዳሌው በራጅ ታይቶ ጤንነቱ መረጋገጡ ነው። ሁለተኛው፥ ባለቤቱ «ቤት ያጣ ቡችላ ቢኖር ደጄ ክፍት ነው» ብሎ ቃል መግባት መቻሉ ነው። ይህን ቃል ሊሰጥ የማይችል ሰው ጎረቤቱን እምቢ ማለት ይገባዋል። ጎረቤትን እምቢ ማለት ከባድ ነው፤ ቡና የተጣጡበትን ወዳጅነት ለጊዜው ያቀዘቅዝ ይሆናል። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው ብሂል ግን እዚህ ላይ ይሠራል፤ በዚህ ብድር ዕዳውን የሚከፍለው ተበዳሪው ሳይሆን፥ ሳይጠየቅ የተወለደው ቡችላ ነው።