የተዘቀዘቀ ነጠላ

ለቅሶ ቤት የምትሄድ ሴት ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች። ጨርቁ ባለፈው ሳምንት ለክርስትና የለበሰችው ነው፤ ነጩም ያው ነጭ፣ ጥለቱም ያው ጥለት። ከታች የነበረው ጥለት ወደ ላይ ወጥቶ አንገቷ ሥር ገባ፣ በቃ። ከሩቅ ያያት ሰው ግን ወዲያው «ማን ሞተባት?» ይላል።

ታዲያ ሐዘኑ የቱ ጋ ነው ያለው? ከቀለሙ ነው እንዳንል ቀለሙ አልተነካም፤ ከመስመሩ ነው እንዳንል መስመሩ አልተሰበረም።

ስለ ሥዕልና ስለ ዲዛይን ሲነገር ቀይ ቁጣ፣ ሰማያዊ እርጋታ፣ አግድም መስመር ዕረፍት፣ ሰያፍ መስመር ሁከት እየተባለ እንደ ሐኪም ማዘዣ ይደረደራል። የዚህ አሳብ ትልቁ ጠበቃ ሩሲያዊው ሠዓሊ ካንዲንስኪ ነው። በ1911 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ባወጣው መጽሐፉ ቀለም ሁሉ የራሱ ውስጣዊ ድምፅ አለው ብሎ ተከራከረ፤ ለእሱ ነጭ ተስፋ ያረገዘ ዝምታ፣ ጥቁር ደግሞ ተስፋው ያለቀ ዝምታ ነው። አባባሉ ያምራል። እኛ ግን ነጭ ለብሰን እንድራለን፣ ነጭ ለብሰን እንቀብራለን።

ከነጠላው ይልቅ የሚከብደኝ የዐይን ነገር ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቃን በአብዛኛው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዐይናቸው ይሳላሉ፤ ይሁዳና ሰይጣን ግን በጎን፣ በአንድ ዐይን። ልጅ ሳለሁ ከግድግዳው የምታየኝ ያቺ አንድ ዐይን ታስፈራኝ ነበር (ለነገሩ እኔን አታይም፤ የሚያስፈራው ይኸው ይመስለኛል)። አሁን ሳንቲሞቻችንን እንያቸው። ንጉሥ ኢዛና በአክሱም የወርቅ ሳንቲም ላይ በስንዴ ዛላ ታጅቦ በጎን ተቀርጿል። ምኒልክም በ1887 ዓ.ም. ብራቸው ላይ ዘውድ ደፍተው በጎን ናቸው። 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸባት ማርትሬዛም አንድ ዐይኗን ብቻ እያሳየች በገበያችን ስትዘዋወር ኖራለች፤ በዚህ የተነሣ ሰይጣን ናት ብሎ የጣላት አልሰማሁም። ምኒልክን ኪሱ ይዞ ይሁዳን ግድግዳ ላይ ያየ ምእመን ሁለት አንድ ዐይኖች በአንድ ጊዜ ነበሩት፤ አንዱን አከበረ፣ ሌላውን ተጠየፈ።

ይህ ሁሉ ልማድ ብቻ ነው ብሎ መዝጋት ይቻላል። እኔ አይዋጥልኝም። ፊቱን ያዞረ ሰው ዐይንህን አያይም፤ ይህ በሳንቲሙም በግድግዳውም እውነት ነው፣ ማንም አላስተማረንም። አለማየቱ ግን ገና ስሜት አይደለም፤ ጎረቤት ይፈልጋል። ሳንቲሙ ላይ ንጉሡ ብቻውን ነው፤ ስለዚህ አለማየቱ ግርማ ይሆናል፣ ንጉሥ ሎሌውን ትክ ብሎ አያይም። በመጨረሻው ራት ሥዕል ግን ይሁዳ የተቀመጠው ሁለቱን ዐይኖቻቸውን ገልጠው በሚያዩ ሐዋርያት መካከል ነው፤ እዚያ ፊት ማዞር መሸሸግ ይሆናል። መስመሩ የሰጠው አለማየትን ነው፤ ክብሩንና ክፋቱን የሰጡት በዙሪያው ያሉት ናቸው።

ነጠላውም እንዲሁ ነው። ሁላችንም ጥለቱን ሽቅብ አድርገን ብንውል ኖሮ ለቅሶ የምትሄደዋ ሴት ቁልቁል ታደርገው ነበር ብዬ እገምታለሁ። ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ነጠላው አይቀየርም፤ ጥለቱ ወደ ታች ይመለሳል።