ከራሳችሁ ቁጥር ተነሱ

ልጆቼ፣ እርምጃ የሚቆጥር መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ፣ ማታ አሥር ሺህ አልሞላም ብላችሁ ከምትበሳጩ፣ ያ ቁጥር ከየት እንደመጣ ብታውቁ ይሻላል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፈ በዓመቱ፣ የኦሎምፒኩ ስሜት ገና ሳይበርድ፣ ያማሳ የተባለ የጃፓን ድርጅት ወገብ ላይ የሚታሰር የእርምጃ መቁጠሪያ ለገበያ አወጣ፤ አሥር ሺህንም መሸጫው አደረገው። ሐኪም ያዘዘው መጠን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ ወደ 17 ሺህ የሚጠጉ አሜሪካውያን አረጋውያት የተካፈሉበት ጥናት፣ በቀን 4,400 ገደማ የሚራመዱት 2,700 ገደማ ከሚራመዱት ይልቅ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳየ። ጥቅሙም 7,500 አካባቢ ሲደርስ ከዚያ በላይ ብዙም አልጨመረም። ከሁሉ የሚበልጠው ትርፍ ያለው ከመቀመጥ ወደ ጥቂት መራመድ በሚወስደው የመጀመሪያው ጭማሪ ላይ ነው ማለት ነው።

«ጤነኛ ስለሆኑ ተራመዱ እንጂ ስለተራመዱ መቼ ጤነኛ ሆኑ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥናት ብቻውን አያሳምንም። ነገር ግን ሰዎችን በቡድን ከፍለው አንዱን እያራመዱ ሌላውን እንደ ነበረ በተዉባቸው ሙከራዎችም የእግር ጉዞ የደም ግፊትን ዝቅ እንደሚያደርግ ታይቷል። «እኛ የዘነበወርቅ ሰፈር ሰዎች ድሮም እግረኞች ነን» ለሚለው ደግሞ መልሱ ያለው ቆጠራው ላይ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም ድካም እንጂ እርምጃ አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም ሳትለውጡ ቁጠሩ፤ ከዚያ በወጣው አማካይ ላይ አንድ ሺህ ብቻ ጨምሩ። ይህ አሥር ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ነው፤ ከሜክሲኮ አደባባይ ወይም ከአየር ጤና ወደ ሰፈር ስትመጡ አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ «ወራጅ አለ» ብትሉ ይሞላል። ለዚህም ጊዜ የለኝም የሚል ሰው፣ ታክሲው በመንገድ መዘጋጋት የቆመባቸውን ደቂቃዎች ያስላ።

የእግር ነገር ከተነሳ ግን ሰፈራችን ከማንም የተሻለ ትምህርት ቤት አለው። ያ መቁጠሪያ በወጣበት እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርት ሆስፒታል፣ የሥጋ ደዌ ነርቫቸውን ጎድቶ እግራቸው ላይ ሕመም የማይሰማቸውን ሰዎች ሲያክም ኖሯል። ጠጠር ጫማ ውስጥ ገብታ ቀኑን ሙሉ ስትፈገፍግ ያልተሰማው ሰው፣ ማታ ቁስል ይዞ ይገባል። ስለዚህ የዚህ ሕክምና መሠረት ውስብስብ መሣሪያ አይደለም፤ እግርን በየቀኑ ማየት፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ጫማ ማድረግ ነው። የስኳር በሽታም ነርቭን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ዛሬ ስኳር ያለበት ሰው ይኸው አደጋ ሊደርስበት ይችላል። ስኳር ያለባችሁ ከሆነ ጫማችሁን ከማጥለቃችሁ በፊት እጃችሁን ከትታችሁ ዳብሱ፣ ስትመለሱ በእግር ጣቶቻችሁ መካከል ያለውን ሁሉ ተመልከቱ፣ ቁስል ካገኛችሁ ጉዞውን አቁማችሁ ታከሙ። በክረምት ርጥብ ካልሲ እግር ላይ አይደር። ጤነኛ ለሆነውም ቢሆን፣ ስንት ረገጥኩ ብሎ መቁጠር በምን ረገጥኩ ከማለት አይቀድምም።

አቧራውና የመኪናው ጭስ ያስቸግራል፤ እውነት ነው። ከዋናው የጅማ መንገድ ገባ ብላችሁ የውስጥ ለውስጡን ምረጡ፤ ማለዳም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ሲነጋ ውጡ። ሴቶች ልጆቻችን ጨለማውን መፍራታቸው ስንፍና ተብሎ ሊታይ አይገባም፤ ሁለት ሦስት ሆነው የሚወጡበትን ሰዓት ቤተሰብ ያመቻችላቸው። ስልክ አለመኖሩም አያግድም። ፈጠን ያለ ርምጃ በደቂቃ መቶ ገደማ ነው፤ በእጅ ሰዓት አንድ ደቂቃ ቆጥራችሁ በተራመዳችሁት ደቂቃ አባዙና፣ ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ጥግ በእርሳስ ጻፉት።