ለእንግዳ የምናሳየው ከተማ የትኛው ነው?

ከአዲስ አበባም ይሁን ከጂዳ ዘመድ ሲመጣ ወልድያ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ ወዴት እንውሰደው? ትልልቆቹ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱንና ነባሩን ገበያ ያስቀድማሉ። ወጣቶቹ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየምና ዩኒቨርሲቲውን ይመርጣሉ። ሁለቱም ከተማዋን ሲያሳዩ ስጋታቸውንም አብረው የሚያሳዩ ይመስለኛል። አንዱ «አልረሳንም»፣ ሌላው «ወደ ኋላ አልቀረንም» ማለት ይፈልጋል። ታዲያ እንግዳው አየ የሚባለው የትኛውን ወልድያ ነው?

ሁለቱንም ቢያይ ሙሉውን አየ ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ክፍፍሉን ራሱን እጠራጠራለሁ። ከወልድያ ተነስቶ በድልብ አቀበት ወደ ጋሸና፣ ከዚያም እስከ ወረታ የሚዘልቀውን መንገድ እንውሰድ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቤጂንግን ጎብኝተው ሲመለሱ ከቻይና ጋር በተጀመረው ትብብር የመጣ፣ በደርግ ዘመን የተጠናቀቀ ሥራ ነው። ሕዝቡም «የቻይና መንገድ» ብሎ ሰየመው። በዘመኑ ከአዲስም አዲስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ሙሽራ ታጅቦበታል፣ ስንት ኩንታል እህል ተጭኖበታል፣ ስንት ሐዘንተኛ ለለቅሶ ገስግሶበታል። የእኛ ያደረገው የዓመቱ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ኖረንበታል።

አሁን ደግሞ ወደ ሐራ ገበያ እንውረድ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ የሚመጣውን የባቡር መስመር የቱርክ ኩባንያ፣ ወደ መቀሌ የሚዘልቀውን የቻይና ኩባንያ በ2007 ዓ.ም. ጀመሩት። እስካሁን መንገደኛ አልተሳፈረበትም። ነገር ሳይኖርበትም ያረጃል ማለት ነው። ዕድሜ ብቻውን ቅርስ አይሠራም፤ ሰው ካልተገለገለበትና ካልጠበቀው ትናንት የተሠራውም ፍርስራሽ ይሆናል።

«እንዲህ ከሆነ የኖርንበትን ሁሉ ይዘን እንቀመጥ ወይ?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን በመርሳ ዙሪያ ካለው የሀብሩ ወረዳ ገበሬ ማሳ ላይ አገኘዋለሁ። ዝናቡ በሚያዝያ በጊዜው ከጣለ ገበሬው ወራት የሚፈጀውን፣ አገዳው ለከብት መኖና ለማገዶ የሚተርፈውን ነባሩን ማሽላ ይዘራል። ዝናቡ እስከ ሐምሌ ከዘገየ ቶሎ የሚደርሰውን የተሻሻለ ዝርያ ያነሳል። ከወልድያ ወደ መርሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚደክመው ለዚህ ነው። ተመራማሪውም አዲሱን ዝርያ ከባዶ አያወጣውም፤ መነሻው ትውልድ ሲያበጥር፣ ሲመርጥ፣ ዛላውን ጭስ ላይ ሰቅሎ ከነቀዝ ሲጠብቅ ያቆየው ዘር ነው። እዚህ ማሳ ላይ አሮጌና አዲስ ተቃራኒ አይደሉም። ገበሬው ዘሩን የሚመርጠው በዕድሜው ሳይሆን ሰማዩን አይቶ፣ ቤተሰቡን አስቦ ነው።

ከተማም በዚሁ ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል ባይ ነኝ። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት እጅ ስትወድቅ ጉዳቱ ነባርና አዲስ አልለየም። ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ፣ የቤተሰብ ጓዳም ተራቆተ። ከዚያ በኋላ ከተማዋን ከተማ ያሰኛት ወንበሩን መልሶ የጠገነው፣ ሱቁን መልሶ የከፈተው ሰው ነው። ይህን ሰው ያላየ እንግዳ ሕንፃ አይቶ ተመለሰ እንጂ ወልድያን አላየም።

ስለዚህ ዘመድ ሲመጣባችሁ ስታዲየሙንም ገበያውንም አሳዩት። ነገር ግን በዚያ አታብቁ። ሐራ ገበያ ወስዳችሁ ያልተጨረሰውን የባቡር መስመርም ሳታፍሩ አሳዩት፤ መርሳ አውርዳችሁ ከገበሬው ጋር አገናኙት። የሚያየውን ሁሉ ማን እንደሠራው፣ አሁንስ ማን እንደሚጠብቀው ንገሩት። ልጆቹንም ይዞ ከመጣ ከሁሉ በፊት ለእነሱ ንገሯቸው፤ ነገ ጠባቂዎቹ እነሱ ናቸውና።