ጸሎትና መልካም ሥራ በስካውት ሕይወት



ባደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1907 በእንግሊዝ አገር በብራውንሲ ደሴት ልጆችን አስፍሮ የጀመረው ስካውት፣ አባሉ በየዕለቱ አንድ መልካም ሥራ እንዲሠራ ያስተምራል፤ በቃል ኪዳኑም ለእግዚአብሔር ያለበትን ግዴታ ያስቀድማል። «መልካሙ ሥራ ካለ ጸሎቱ ለምን ያስፈልጋል?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም።

በእንጅባራ ብርድ ለአንዲት አቅመ ደካማ እናት ውሃ የሚቀዳ ወጣት በእርግጥ መልካም አድርጓል። ነገር ግን ሥራውን መቁጠርና ምስጋና መጠበቅ ሲጀምር፣ እናቲቱ ለክብሩ መወጣጫ ትሆናለች። ጸሎት ከዚህ ይጠብቀዋል፤ በስውር በሚያይ አባት ፊት ሲቆም፣ የሰጠው ሁሉ አስቀድሞ የተቀበለው መሆኑን ያስተውላልና። እ.ኤ.አ. በ1920 የፈረንሳይን ካቶሊካዊ ስካውት ከመሠረቱት አንዱ የሆኑት ኢየሱሳዊው ካህን አባ ዣክ ሴቨንም ስካውትን በወንጌል መንፈስ ለማነጽ ደክመዋል።

ይሁን እንጂ ወጣቶችን በዘንገና ሐይቅ ዳር ብናሰፍር፣ ሰልፍን በፊሽካ ማዘዝ ይቻለናል፤ ጸሎትን ግን አይቻለንም። የእኛ ድርሻ የጸጥታ ጊዜ መስጠት፣ ኦርቶዶክሳዊው ጓደኛቸውም እናቱ እንዳስተማረችው ሲጸልይ ማክበር፣ ከሁሉም በላይ ራሳችን ስንጸልይ መገኘት ነው። ያን ጊዜ ወጣቱ ውሃውን ቀድቶ፣ ስሙ ሳይነሣ፣ ደስ ብሎት ይመለሳል።